የሸክላ ተራው ልዑል

በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑበት ሃያ አምስተኛ ዓመት ሊከበር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ መርካቶ እንደ ሰርግ ቤት ትታመስ ጀመር፤ የሱቆቹ ግንብ በኖራ ተቀባ፤ አረንጓዴ ብጫ ቀይ ጨርቅ ከየጣቃው እየተቀደደ ከቆርቆሮ ክዳን ወደ ቆርቆሮ ክዳን ተዘረጋ፤ ጋሪ የሚስቡ ፈረሶች እንኳ በግንባራቸው ላይ ጥብጣብ ታሰረላቸው። ከተክለ ሃይማኖት ወደ ገበያው በሚያስገባው መንገድ አፍ ላይም ከባሕር ዛፍ ግንድ የተዋቀረ፣ በጥድ ቅጠል የተሸፈነ፣ ሁለት የጭነት መኪና ጎን ለጎን የሚያሳልፍ የክብር በር ቆመ፤ በበዓሉ ዕለት መኳንንቱና መሳፍንቱ በዚህ በር ሥር ያልፋሉ ተብሎ ነበርና የነጋዴው ሁሉ ዓይን እዚያ ላይ ነበር።

የበሩን ሥራ በኃላፊነት የተቀበሉት ባላምባራስ በፍቃዱ ይባሉ ነበር። ዕድሜያቸውን በትልልቅ ሰዎች ግቢ ደጅ ሲጠኑ የፈጁ፣ ይህችን የበዓል ሹመትም በብዙ ማጎንበስ ያገኙ ሰው ነበሩ፤ ክፉ ነበሩ ለማለት አልደፍርም፤ ፈሪ ግን ነበሩ፤ ፈሪ ሹም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከክፉ ሹም ይብሳል። በሩ አልቆ ሳለ ባላምባራስ በአናቱ ላይ ምን እንደሚሰቀል ሲያወጡና ሲያወርዱ ሰነበቱና አንድ ሐሳብ መጣላቸው፤ በየበሩ የሚሰቀለው የጎልማሳው ንጉሥ መልክ ነው፤ የእኛ በር ሕፃኑን ልዑል ይስቀል፤ ዘውዱ ነገም ባለቤት አለው ማለት ነው፤ ይህን ያሰበ ሹም ደግሞ ሳይሸለም አይቀርም አሉ።

በዚያ ወራት በየሱቁና በየጠጅ ቤቱ የሚለጠፍ አንድ የታተመ የልጅ ልዑል ሥዕል ነበረ። ሕፃኑ ካባ ደርቦ፣ ከቁመቱ የሚረዝም ጎራዴ ጨብጦ፣ አጠገቡ ባዶ የከበረ ወንበር ቆሞ፣ እግሩ ሥር የአንበሳ ቆዳ ተነጥፎ ይታያል። ይህንን ሥዕል አይቶ የማያውቅ የመርካቶ ሰው አልነበረም፤ ፊቱን አስተውሎ ያየው ግን ጥቂት ነው፤ ሰው ካባውንና ጎራዴውን ካየ ፊት አይመረምርምና።

በተክለ ሃይማኖት መንገድ ላይ ኢስሀቅ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ። የስልጤ ልጅ ነው፤ ጥበቡን ፒያሳ ከአንድ አርመናዊ ባለሙያ ዘንድ ተምሮ፣ ዕድሜው ሠላሳ ሳይሞላ የራሱን ቤት ከፍቷል። የታተመውን ሥዕል በመስኮቱ ሰቅሎ፣ በዚያው አምሳል የመርካቶን ልጆች ማንሣት ዋና እንጀራው ሆነ፤ ካባው ቀይ የመጋረጃ ከፈይ ነበር፤ ጎራዴው ወርቅ የተቀባ እንጨት ነበር፤ የአንበሳው ቆዳ ደግሞ በሻይ የተነከረ የበግ ለምድ ነበር። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ፣ የቅቤ ነጋዴዋ ልጅ፣ የጋሪ ነጂው ልጅ ሁሉ ተራ በተራ ያንን ከፈይ እየደረቡ ለአንዲት ቅጽበት መሳፍንት ሆነው ወጥተዋል፤ ወላጆቻቸውም ሥዕሉን ከቁርዓን ጥቅሱ ወይም ከማርያም ሥዕል ጎን ይሰቅሉት ነበር።

በሸክላ ተራ ሸክላ የሚሸጡት ወይዘሮ በለጥሻቸው ግን ወደዚያ ቤት የሚገቡበት ምክንያት አልነበራቸውም። ዘመዶቻቸው በጉራጌ ምድር ሰው በንቀት ስም ከሚጠራቸው የእጅ ባለሙያዎች ወገን ናቸው። ሟች ባላቸው ምሰሶ አቋሚ ነበሩ፤ በዚያ አገር የቤት ምሰሶ ያለ እነዚህ ሰዎች እጅ አይቆምም፤ ምሰሶው ቆሞ ቤቱ ከተከደነ በኋላ ግን ያቆመው ሰው በደጃፉ አያልፍም። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ልማድ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው አለ፤ እኔ አላልፈውም። ከተማ ሲገባም ሰው ይህን ልማዱን ጥሎት አልመጣም፤ ከቅቤውና ከቆጮው ጋር ጭኖት መጣ። በሸክላ ተራ ድስት የሚገዛ ሰው ሳንቲሙን ከላይ ወደ መዳፋቸው ይጥላል እንጂ በእጁ አያስጨብጥም፤ እጅ ለእጅ መነካካት ነውር ነበርና። ባላምባራሱን አንቱ ያልሁ እሳቸውን አንቺ የምልበት ምክንያት ስለሌለኝ፣ በዘመናቸው ሰው የነፈጋቸውን አንቱታ እኔ በዚህ ጽሑፍ እሰጣቸዋለሁ።

ወይዘሮ በለጥሻቸው ማሙሸት የሚባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበራቸው። ሸክላ ሲተኮስ ከፍሙ ላይ ወድቆ ቀኝ እጁ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው ስለ ተቃጠለ፣ ጠባሳው ተሸብሽቦ የደረቀ የኮባ ቅጠል መስሎ ቀርቷል። ይህ ልጅ እንስራ ለማድረስ በወጣ ቁጥር ከኢስሀቅ መስኮት ፊት ቆሞ ስለሚቀር እናቱ ሊፈልጉት ይመጣሉ። አንድ ማለዳ፣ መንገዱ ገና ሰው ሳይበዛበት፣ ኢስሀቅ በሩን ሲከፍት እናትና ልጁን ቆመው አገኛቸው።

«እትዬ፣ ይግቡ እንጂ» አላቸው።

ወይዘሮ በለጥሻቸው ወደ ኋላ ተመለከቱ፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ነበር። «እኔ ማን እንደ ሆንሁ አያውቁ ይሆናል» አሉ።

«አውቃለሁ። ድስቴ የእርስዎ ሥራ ናት፤ ከነስንጥቋ እስካሁን አልከዳችኝም። ይግቡ።»

ገቡ። ማሙሸት በታተመው ሥዕል ላይ እንደ ተተከለ ቀረ። ኢስሀቅ ነገር ማብራራት የሚወድ ሰው ነበርና፣ ወንበሩን እየወለወለ ይናገር ጀመር። «ይህን ሥዕል ያነሣ ባለሙያ ልጅ አላነሣም፤ ወንበር ነው ያነሣው። አዩት? ወንበሩ ባዶ ነው፤ ልጁ ከጎኑ ቆሟል። ይህ የእኔ ነው፤ ያልተቀመጥሁበት እግሬ መሬት ስለማይደርስ ብቻ ነው ማለቱ ነው። ጎራዴውም ሊመታበት አይደለም፤ ገና ማንሣት አይችልም፤ አንቺና እኔ እንድንፈራ ነው። ዓይኑ እኛን አያየንም፤ ከእኛ በላይ ያያል። ሕፃን ነው፤ ግን አይስቅም፤ እንዳይስቅ ተነግሮታል።» ከዚያ «አንቺ» ማለቱ ትዝ ብሎት ደነገጠ፤ «ይቅር ይበሉኝ፣ ምላሴ ነው» አለ።

ወይዘሮ በለጥሻቸው ለአንቺታው ግድ አልነበራቸውም። «ታዲያ ይህ ሁሉ በካባ ነው የሚሆነው?» ብለው ጠየቁ።

«በካባ ነው።»

«ለእኔም ልጅ እንደዚሁ ያድርጉለት።»

ኢስሀቅ ሳቀ፤ ከዚያ እንዳልቀለዱ ከፊታቸው ላይ አየና ሳቁን ተወው። የከፈዩን ካባ አውርዶ በማሙሸት ትከሻ ላይ ደረበ፤ ባዶ እግሩ እንዳይታይ የበጉን ለምድ ወደ ፊት ሳበለት፤ ጎራዴውንም በቀኝ እጁ አስጨበጠው።

«ይሳቅ ወይስ አይሳቅ?» አለ።

«አይሳቅ። ሲስቅማ ሁልጊዜ አየዋለሁ» አሉ እናቱ።

ሥዕሉ ከታጠበ በኋላ የባለሙያው ልማድ የሚመጣበት ሰዓት ደረሰ። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ አንሺ ማድያቱን፣ ፈንጣጣውንና ጠባሳውን በቀጭን እርሳስ እየዳበሰ ሳያጠፋ ሥዕል አያስረክብም ነበር፤ ያላጠፋ እንደሆነ ባለቤቱ አበላሽብኝ ብሎ ይጣላዋል። ኢስሀቅ እርሳሱን ቀርጾ «እጁን ላጥፋለት?» ሲላቸው ወይዘሮ በለጥሻቸው ቆጣ አሉ። «ለምን ያጠፉታል? ያለዚያ የማን እጅ እንደ ሆነ በምን አውቀዋለሁ?» አሉት። እሱም እርሳሱን አስቀመጠ።

ትንሿን ሥዕል ለእናቲቱ ሰጣቸው። ለራሱ ደግሞ ሥራው ስላስደሰተው፣ ግትርነትም ስላለበት፣ ትልቅ አድርጎ አሳጠበው፤ ካባውን ቀይ፣ ጎራዴውን ወርቃማ፣ የልጁን ጉንጭ የጠይም ዳማ አድርጎ ቀባውና የታተመውን አንሥቶ በእሱ ቦታ በመስኮቱ ሰቀለው። ያለፈ ያገደመው ሁሉ «ልዑሉን በቀለም አሳመረው» እያለ አድንቆ ያልፍ ነበር፤ ይህ ማነው ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ ኢስሀቅም ያልተጠየቀውን አልተናገረም።

ባላምባራስ በፍቃዱ ለበራቸው የሚሆን ሥዕል ፍለጋ ሲወጡ ከዚያ መስኮት ፊት ደረሱና ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ። «እንዴት ያለ ግርማ ነው! ዓይኑን እየው፤ ይህ በትምህርት የሚገኝ አይደለም፤ ከደም የሚወረስ ነው። ቁርጥ አባቱን!» አሉ።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ» አለ ኢስሀቅ፤ «እናቱንም ይመስላል።»

«በል አውርደው። ለክብር በሩ ነው።»

እዚህ ላይ ኢስሀቅ እውነቱን ሊናገር ይችል ነበር፤ አልተናገረም። ሥዕሉን ከምስማሩ ሲያወርድ በልቡ ምን እንደ ነበረ ኋላ ለወዳጆቹ ሲያስረዳ፣ «ስሙን ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር፤ የፈለጉት ግን ካባውን ነው» ብሏል ይባላል። እኔ እንደማስበው ግን ተናድዶ ነበር፤ ከደም የሚወረስ የሚለው ቃል ነው ያናደደው።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሥዕሉ በበሩ አናት ላይ ተሰቀለና የተሸፈነበት ነጭ ሸማ ወረደ። ሕዝቡ ተንጋግቶ መጥቶ ነበር። ባላምባራስ በፍቃዱ ቀድመው ባርኔጣቸውን አውልቀው አጎነበሱ፤ ከዚያ የነጋዴው ማኅበር የበዓል ኮሚቴ ሊቀ መንበር የሆኑት የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሙስአብ እጃቸውን ከደረታቸው ላይ አድርገው ዝቅ አሉ፤ ከዚያ ነጋዴው ሁሉ፣ ጋሪ ነጂው ሁሉ፣ ሸክም ያለበት ወዛደርም ከነሸክሙ ዝቅ አለ። ከላይ የተላኩ ተመልካች መኳንንትም በመኪና መጥተው አይተው፣ በጣም ያምራል ብለው ሄዱ። ባላምባራስ ያን ቀን ምሳቸውን በደስታ በሉ።

ሐጂ ሙስአብ ግን ቀና ሲሉ ዓይናቸው በልዑሉ ፊት ላይ ሳይሆን ጎራዴውን በጨበጠው እጅ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ። ይህን እጅ ያውቁታል። ማሙሸት ለቤታቸው ሸክላ እያመጣ ከመጋዘናቸው ደጃፍ ሲቆም ሳንቲሙን የሚጥሉለት ራሳቸው ናቸው፤ እጁን ላለመንካት ደግሞ ሲጥሉ አነጣጥረው ማየት ነበረባቸው። ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው የሚሄደውን ያንን ሽብሽብ ከልጆቻቸው እጅ ይልቅ ያውቁታል።

ወደ ባላምባራስ ቤት ሄደው ይህንኑ ሲነግሯቸው የባላምባራስ ፊት አመድ መሰለ። «ማን ማን ሰምቷል?» አሉ።

«እኔ ለማንም አልተነፈስሁም።»

ነገር ግን በመርካቶ ወሬ ከጭነት መኪና ይቀድማል፤ በማግስቱ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ያለው ሰው፣ ለሸክላ ሠሪ ልጅ አጎንብሰናል፣ እጅ ነሥተናል እያለ ግማሹ ይስቅ፣ ግማሹ ይሳደብ ነበር። ባላምባራስ ጭንቅ ያዛቸው። ሥዕሉን ቢያወርዱ ስሕተታቸውን በአደባባይ ማመናቸው ነው፤ መኳንንቱም ያደነቁት እሱን ነው። ቢተዉት ደግሞ ሠልፉ በወሬው መካከል ያልፋል። አንድ መላ ብቻ ታያቸው፤ እናቲቱ በነጋዴው ሁሉ ፊት ቆማ፣ በበሩ ላይ ያለው ልጄ አይደለም ብትል ወሬው ይሞታል።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ በለጥሻቸውን አስጠሩ። ኢስሀቅን አስቀድመው በፖሊስ አስይዘውት ነበር።

«ልጅሽ ትምህርት ቤት ገብቷል?» ብለው ጀመሩ።

«ሁለት ቦታ ወስጄው ነበር፤ ሌሎች ልጆች አብረውት አይቀመጡም ብለው መለሱኝ።»

«እኔ አስገባዋለሁ። አንቺንም ከፀሐይና ከዝናብ የሚያወጣሽ ክዳን ያለው ቦታ በሸክላ ተራ እሰጥሻለሁ። ከአንቺ የምፈልገው ሁለት ቃል ብቻ ነው። ነገ በሰው ፊት ስጠይቅሽ "ልጄ አይደለም" ትያለሽ።»

«ካላልሁስ?»

«ኢስሀቅ የንጉሡን ቤት አዋርዷል ተብሎ እስር ቤት ይበሰብሳል፤ አንቺም ከዚህ ገበያ ትነቀያለሽ።»

ወይዘሮ በለጥሻቸው በሁለት ጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ «ሁለት ቃል ናት፤ እውነት ነው» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ባላምባራስ ይህን እሺታ ነው ብለው ቆጠሩት፤ ፈሪ ሰው እምቢ ያልተባለውን ሁሉ እሺታ አድርጎ ይሰማዋል።

ጥቅምት ሃያ ሁለት ቀን፣ የበዓሉ ዋዜማ፣ ረፋድ ላይ ነጋዴው በክብር በሩ ሥር ተሰበሰበ። ኢስሀቅ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል። ወይዘሮ በለጥሻቸው ማሙሸትን በእጃቸው ይዘው መጡ፤ ሰውም እንዳይነኳቸው ወደ ጎንና ወደ ጎን ሸሸ፤ በመካከሉ ሰፊ መንገድ ተከፈተላቸው፤ ይህን የመሰለ መንገድ ለመኳንንትም አይከፈትም። እናትና ልጅ በዚያ መንገድ ቀስ ብለው አልፈው ከሥዕሉ ሥር ቆሙ። ሊዋሹ ነበር የመጡት የሚሉ አሉ፤ እኔ አላምናቸውም፤ ልትዋሽ የመጣች እናት ልጇን አጥባ፣ ቀኝ እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልላለት አትመጣም።

ኢስሀቅ ከፖሊሶቹ መካከል ድምፁን ከፍ አደረገ። «እትዬ በለጥሻቸው! ሥዕሉን ያነሣሁት እኔ፣ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። የእኔ ነገር አያስጨንቅዎ፤ የመጣልዎትን ይናገሩ።» በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እሳቸውን አንቱ ብሎ የጠራ እሱ ብቻ ነበር። ፖሊሱ በክርኑ ጎሰመው።

ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰዓቱ ከባድ ነበርና ነገሩን ማክበድ ፈለጉ፤ በዚህም ላይ አንደበታቸው በዳኝነት ወንበር ፊት የኖረ አንደበት ስለ ሆነ፣ ቃሉ ከልማድ ሳያስቡት ወጣ። «አንቺ ሴት! በንጉሥ አምላክ! በዚህ በር ላይ የምታዪው ልጅ የአንቺ ነውን?»

በዚያ ዘመን በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው ያለበት ይቆማል፤ ሮጦ የሚያመልጥ ሌባ እንኳ እግሩን ይገታል፤ በዚህ ስም የተጠየቀ ሰው ቢዋሽ ንጉሡን እንደ ካደ ይቆጠራል። ባላምባራስም ምን እንዳሉ የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

«ጌታዬ» አሉ ወይዘሮ በለጥሻቸው፤ «ትናንት ሁለት ቃል አስጠንተውኝ ነበር። ዛሬ ግን በንጉሥ አምላክ አሉኝ። በዚህ ስም ጠይቀውኝ ልዋሽ? ልጄ ነው። ማሙሸት ይባላል። ያማጥሁት እኔ ነኝ፤ ያጠባሁት እኔ ነኝ፤ እጁ ሲቃጠል አብሬው የጮኽሁት እኔ ነኝ።» የልጁን ቀኝ እጅ ይዘው ወደ ላይ ከፍ አደረጉት። «ይኸው እጁ። ያም እጁ። ዓይን ያለው ያስተያይ።»

ሰው ሁሉ ቀና አለ፤ ከዚያ ዝቅ አለ፤ ደግሞ ቀና አለ። ማሙሸት እናቱ እንዳዘዙት አልሳቀም።

«አብዳለች!» ብለው ጮኹ ባላምባራስ፤ ያንንም የንቀት ስም ጨመሩበት። «ይህች ፉጋ አብዳለች! ሐጂ ሙስአብ፣ እርስዎ የነጋዴው ትልቅ ሰው ነዎት፤ ልጁ ልዑሉ መሆኑን ይመስክሩ!»

ሐጂ ሙስአብ መቍጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ወሬውን ለባላምባራስ ያደረሱት እሳቸው ነበሩ፤ ከባላምባራስ ቀጥሎ ያጎነበሱትም እሳቸው ነበሩ፤ ዛሬ አንዲት ቃል ቢወረውሩ ከሁለቱም ይድኑ ነበር። «ባላምባራስ፣ የጠየቋት በንጉሥ አምላክ ነው፤ እኔንም በዚያው ስም የጠየቁኝ ከሆነ ልዋሽ አልችልም» አሉ። «ይህን እጅ አውቀዋለሁ። ሳንቲም ስጥል እንዳልነካው ስጠነቀቅ ስጠነቀቅ አጥንቼዋለሁ። ልጁ የሷ ነው።» ይህን ብለው ማንንም ሳያዩ ወደ መጋዘናቸው ሄዱ።

ከወዛደሮቹ ወገን አንድ ሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ተራው ሁሉ። ባላምባራስን ያሳበዳቸው ይህ ሳቅ ነው። «አውርዱት! አውርዳችሁ አቃጥሉት!» አሉ። ፖሊሶች በመሰላል ወጥተው ሥዕሉን ሲነቅሉ ክፈፉ ተሰበረ፤ ከበሩ ጀርባ ጋዝ አርከፈከፉበት።

«ያቃጥሉት» አሉ ወይዘሮ በለጥሻቸው፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረቡ እንጂ ወደ ኋላ አላሉም። «ልጄን እሳት ያውቀዋል፤ አንዴ ቀምሶት ትቶታል። ግን ክብሪቱን ሳይጭሩ አንድ ነገር ይንገሩኝ ጌታዬ። ያን ዕለት ባርኔጣዎን አውልቀው ያጎነበሱት ለማን ነው? ለካባው ከሆነ ካባው ኢስሀቅ ቤት ተሰቅሏል፤ ሄደው ይስገዱለት። ለልጁ ከሆነ ግን ልጁ አልተቃጠለም፤ ይኸው ቆሟል።»

ባላምባራስ ክብሪቱን ራሳቸው ጫሩ። ሥዕሉ ነደደ፤ ቀለም የተቀባው ከፈይ ጥቁር ጢስ አወጣ፤ ማሙሸት የእናቱን እጅ ሳይለቅ እስኪያልቅ ቆሞ አየ።

በማግስቱ ሠልፉ አለፈ። በበሩ አናት ላይ በባዶው ቦታ የዘንባባ ቅጠል ታስሮ ነበር፤ መኳንንቱም ሽቅብ አላዩም። ኢስሀቅ እስከ ፋሲካ ታሰረ፤ ካባውንና ጎራዴውን ወረሱበት፤ ሲፈታ በዚያው ቤት ሰውን በተራ ልብሱ ማንሣት ጀመረ፤ በእርሳስም ጠባሳ አጥፋልኝ ያለውን ሰው ሁሉ፣ ሌላ ቤት ሂድ ይል ነበር አሉ። ወይዘሮ በለጥሻቸው እንደ ተዛተባቸው ከሸክላ ተራ ተነቀሉ። የትምህርት ቤቱም ነገር በዚያው ቀረ፤ ይህን ዋጋ አውቀው ነው የከፈሉት፤ ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽም። ማሙሸት ፊደል የቆጠረው ከዓመታት በኋላ ጎልምሶ ነው።

ድስቶቻቸውንና ጋኖቻቸውን ይዘው በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ በሜዳ ላይ ተቀመጡ። እዚያም አዲስ ሕግ አወጡ፤ ማንም ፈርሞ ያልሰጣቸው ሕግ ነው። ሸክላ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በማሙሸት ቀኝ እጅ ያስጨብጣል፤ ከላይ የሚጥል ከሆነ ልጁ እጁን ይስባል፤ ሳንቲሙም ጭቃ ላይ ይወድቃል።

«አንሣው እንጂ!» ይላሉ ገዢዎቹ።

«እርስዎ የጣሉትን እርስዎ ያንሡ። እኛ በእጅ ነው የምንቀበለው» ይላሉ ወይዘሮ በለጥሻቸው።

ሰው ተሳደበ፤ ኮራች ተባሉ፤ ጠገበች ተባሉ። እናትና ልጅ ጦማቸውን ያደሩበት ጊዜ እንደ ነበረ ሰምቻለሁ። ቢሆንም የእሳቸውን ያህል ጋን የሚሠራ በዚያ ሁሉ ገበያ አልነበረም፤ ተዝካር ያለበት፣ ሰርግ የደገሰ ሰው ያለ ጋን አይሆንለትም። የመጀመሪያውን ሳንቲም በማሙሸት እጅ ያስጨበጠው ስሙ ያልታወቀ አንድ ወዛደር ነው፤ ዙሪያውን አይቶ፣ ፈጠን ብሎ አስጨብጦ፣ ድስቱን ታቅፎ ሄደ። ከዚያ አንዲት የጠጅ ቤት ባለቤት፤ ከዚያ ሌላ። ሐጂ ሙስአብ አንድ ቀን ራሳቸው መጥተው፣ ብሩን በእጃቸው እንደ ያዙ ብዙ ቆመው፣ ሳይገዙ ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ሸክላ የሚገዛላቸው አሽከር ይልኩ ጀመር። አሽከሩ ያስጨብጥ ነበር። ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም፤ በአደባባይ እውነት የተናገረ ሰው እንኳ በጓዳው የሚያፍርበት ነገር አያጣም።

ስለዚያ በዓል በጊዜው የወጣ ጋዜጣ፣ በመርካቶው የክብር በር ላይ የነበረው የልዑል ሥዕል በብርቱ ነፋስ ምክንያት ጉዳት ስለ ደረሰበት ከዋዜማው መነሣቱን ጻፈ፤ ከጋዜጣው የቀዱ ሰዎችም ነፋሱን በመጽሐፋቸው አገቡት፤ ስለዚህ በታሪክ የሚታወቀው ነፋሱ ነው። ባላምባራስ በፍቃዱ ለዚያ በዓል ድካማቸው ኒሻን ተሰጥቷቸዋል፤ እሱም ተመዝግቧል። ወይዘሮ በለጥሻቸው የትም አልተመዘገቡም፤ መቃብራቸውም አይታወቅም። ዛሬ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሰው በታክሲ ግርግር መካከል እየተጋፋ ሲሸጥና ሲገዛ ብር ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ማን ከማን እንደ ተነካካ ቆሞ የሚያይ የለም። እሳቸውም የፈለጉት ይህንኑ ነበር።